ከጥልቁ የተመለሰ ድንጋይ
በሰሜን ኢጣልያ፣ የፖ ወንዝ ከአልፕስ ተራሮች ወርዶ ሜዳውን በሚገናኝበት አጠገብ፣ ማርቲኒያና ፖ የምትባል መንደር አለች። በዚያ ባለው ነጭ ድንጋይ ውስጥ ጋርኔት የተባለ ፈዛዛ ሮዝ ማዕድን ይገኛል፤ አንዳንዱም ከጡጫ ይበልጣል።

ፈረንሳዊው የሥነ ምድር ሊቅ ክርስቲያን ሾፓን በ1984 እ.ኤ.አ. በጋርኔቱ ውስጥ ኮሳይት መገኘቱን አስታወቀ። ኮሳይት ማለት ኳርትዝ፣ ይኸውም ተራው የአሸዋ ማዕድን፣ ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ሲጨመቅ የሚይዘው መልክ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ብዙው ተመልሶ ኳርትዝ ሆነ፤ ሲለወጥም አብጦ ጋርኔቱን ሰነጣጠቀው። ጥቂቱን ግን ጋርኔቱ አጥብቆ ይዞ አዳነው።

ቀድሞ የአህጉር ቅርፊት ቀላል ስለ ሆነ እንዲህ ጠልቆ አይሰጥምም ይባል ነበር። ይህ ድንጋይ ግን ከ35 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወርዶ ተመልሷል። ለዚህ ምስክሩ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ቅንጣት ነው።