የእህቴ 300 ሪያልና የታክሎባን እናቶች

ጥቅምት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። በዚያን ዕለት ጧት በሳዑዲ ዐረቢያ በሪያድ ከተማ፣ ከአንድ ቤት ማድ ቤት በስተጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት የቤት ሠራተኞች የእጅ ስልካቸውን ይዘው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ ታላቅ እህቴ ናት። ሁለተኛዋ ከፊሊፒንስ አገር፣ ከሌይቴ ደሴት የመጣች ጓደኛዋ ናት። እህቴ ከመጀመሪያ አሠሪዋ ቤት ወጥታ ስለነበር የመኖሪያ ፈቃድ አልነበራትም። ለሕገ ወጥ ሠራተኞች የተሰጠው የምሕረት ጊዜ በዚያው ሳምንት መጀመሪያ አብቅቶ ፍተሻው ስለተጀመረ፣ ማን እንደተያዘ፣ የት ሰፈር እንደተፈተሸ በስልክ ትጠይቃለች። ጓደኛዋ ደግሞ እናቷን ትፈልጋለች። የእናትዬው ስልክ አይመልስም።

በዓለም ዘንድ ሃይያን፣ በአገሬው ዘንድ ዮላንዳ የተባለው ታይፉን በዚያን ጧት ነበር ፊሊፒንስን የመታው። ነፋሱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝ ነበር። በመጀመሪያ በሳማር ደሴት በጉዊዋን ላይ አረፈ፤ ቀጥሎ ሌይቴን መታ። በታክሎባን ከተማ ሕዝቡን የፈጀው ግን ይበልጡን ውኃው ነው። ነፋሱ እየገፋ ያመጣው ባሕር ከ5 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወደ ከተማዋ ገባ። ትልልቅ የጭነት መርከቦች ከባሕሩ ወጥተው በመኖሪያ ቤቶች ላይ ተቀመጡ። በአገሪቱ መንግሥት ቆጠራ 6,300 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከ1 ሺህ የሚበልጡት የደረሱበት ሳይታወቅ ቀረ። ከ4 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ከቤታቸው ተፈናቀሉ።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበር። የአየር ጠባይ ባለሙያዎቹ ባሕሩ በማዕበል ኃይል ተገፍቶ እንደሚወጣ አስቀድመው ተናግረዋል። የተናገሩበት የእንግሊዝኛ ቃል ግን ለአብዛኛው ሰው እንግዳ ነበር። የተረፉት በኋላ እንዳስረዱት፣ «እንደ ሱናሚ ያለ ውኃ ይመጣል» ቢባሉ ኖሮ ወደ ኮረብታው በሸሹ ነበር። ሥራዬ ቃል መምረጥ ነውና ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይከብደኛል። የእህቴ ጓደኛ እናትም ነፋስ ብቻ መስሏቸው ቤታቸውን ሊጠብቁ ቀርተው ነበር።

ስልኩ ለብዙ ቀናት ዝም አለ። እህቴ እንደነገረችኝ ሁለቱ በየምሽቱ የተረፈውን ሩዝ አቅርበው ሳይበሉ ያነሱት ነበር። በመጨረሻ እህቴ ከመያዝ ይልቅ እጅዋን ሰጥታ ወደ አገሯ ለመመለስ ቆረጠች። ከመውጣቷ በፊት በትራሷ ውስጥ ሰፍታ ካስቀመጠችው ገንዘብ 300 ሪያል አውጥታ ለጓደኛዋ ሰጠቻት። «እናትሽ ከተገኙ ላኪላቸው፤ ካልተገኙም ለተገኘው ላኪ» አለቻት።

በዚያ ወቅት ከሳዑዲ ዐረቢያ የተመለሱት ወገኖቻችን ከ160 ሺህ በላይ ናቸው። እህቴ ከእነርሱ አንዷ ሆና ቦሌ ስትደርስ የያዘችው አንድ የላስቲክ ከረጢት ነበር። የሦስት ዓመት ደመወዟ ከፊሉ ተከልክሏል፤ ከፊሉ ለእኔ የዲፕሎማ ትምህርት ወጥቷል። ይህንን እያወቅሁ ስለ 300ው ሪያል ስትነግረኝ ተቆጣሁ። «አንቺ ራስሽ ተመጽዋች ሆነሽ ለሰው አገር ሰው ትሰጫለሽ?» አልኳት። እናታችን ቡና እየቆሉ ነበርና መቁያውን ከእሳቱ አወረዱ እንጂ አንድም ቃል አልተናገሩም። ያን ንግግሬን ዛሬ ሳስታውስ አፍራለሁ።

የእድር ሴቶች በማግስቱ መጡ። አንዷ ብርድ ልብስ፣ ሁለቱ እንጀራ፣ አንዷ ስኳር ይዘዋል። እግዜር ይስጣቸው፤ ቤታችን ግን ብርድ ልብስ አላጣም ነበር። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ወይዘሮ ብቻ ባዶ እጃቸውን መጥተው አጠገቧ ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ ምን ላምጣልሽ?» አሏት። እህቴ፣ «እትዬ፣ ወደ ሪያድ የምደውልበት ካርድ» አለች። ሴትዮዋ በደሞዛቸው መዳረሻ የሚሆናቸውን ሒሳብ ከፍለው ስልካቸውን አስሞልተው ሰጧት። ጓደኛዋ ከወዲያኛው ጫፍ እያለቀሰች፣ እናቷ በጎረቤት ፎቅ ላይ ወጥተው መትረፋቸውን ነገረቻት።

የቀረውን በየጊዜው በስልክ ሰማን። ጓደኛዋ በታክሎባን አራስ የሆነች ታናሽ እህት አለቻት። ከድንጋጤውና ከረሃቡ የተነሣ ጡቷ ወተት እንቢ አለ። ከውጭ አገር ከመጡት ስጦታዎች መካከል የዱቄት ወተት ደረሳት። እናቶች ሆይ፣ ይህን ስንሰማ «እሰይ!» ማለታችን አይቀርም። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን ዱቄቱ በምን ውኃ ይበጠበጥ? የቧንቧው ውኃ ተበክሏል፣ ጡጦ የሚቀቀልበት እሳትና ማገዶ የለም፣ እንጨቱ ሁሉ ርጥብ ነው። በቆሸሸ ውኃ የተበጠበጠ ወተት የሚጠባ ሕፃን በተቅማጥ ይያዛል። በዚያ ላይ ሕፃኑ ወደ ጡጦ ባዘነበለ መጠን የእናቲቱ ወተት ይብሱን ይደርቃል፤ ጣሳው ሲያልቅ ደግሞ ሁለተኛ የሚልክ የለም።

የፊሊፒንስ መንግሥት ይህን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። አገሪቱ የእናት ጡት ምትክ ተብለው የሚሸጡ ምግቦችን የሚቆጣጠር ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አላት፤ በአደጋ ጊዜም ለሕፃናት የዱቄት ወተት በስጦታ እንዳይታደል ትከለክላለች። ዩኒሴፍና የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያን ሰሞን ከጤና ሚኒስቴሩ ጋር ሆነው አሳስበዋል። ጣሳው ግን ባልተጠየቀ ቸርነት መጣ። በአንጻሩ በማኒላ ያሉ እናቶች ከጡታቸው እያለቡ ሰጡ፤ ወተቱ ከጀርም ጸድቶ፣ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ወደ ታክሎባን ተላከ። ለዚያች አራስ ግን የደረሰላት ከዚህም የቀረበ ነው። በመጠለያው አጠገቧ የተኛች፣ የስድስት ወር ልጅ የያዘች ሴት ሕፃኗን ተቀብላ ከልጇ ጋር ታጠባት ጀመር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም እናቲቱ ራሷ ማጥባት ቻለች። በእኛ አነጋገር ሕፃኗ ለዚያች ሴት የጡት ልጅ ሆነችላት ማለት ነው።

ይህን ስል የውጭው ዕርዳታ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። አሜሪካ ጆርጅ ዋሽንግተን የተባለችውን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ልካ ሄሊኮፕተሮቿ ውኃና ምግብ አመላልሰዋል። እስራኤል በሴቡ ደሴት በቦጎ ከተማ የመስክ ሆስፒታል አቁማ ሴቶች በዚያ ወልደዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ድርጅት ለሴቶች ሳሙና፣ የውስጥ ልብስ፣ የወር አበባ መጠበቂያና ባትሪ በአንድ ላይ ሲያድል፣ የትኛዋም ሴት በሰልፍ መካከል ቆማ አፍ አውጥታ ልትጠይቅ የማትደፍረውን ነገር የሚያውቅ ሰው እንደነበረበት ያስታውቃል።

ከሁሉ የደነቀኝ ከታይዋን የመጣው ዙ ቺ የተባለ የቡዲስት በጎ አድራጎት ድርጅት ሥራ ነው። የታክሎባን ነዋሪዎች የገዛ ሰፈራቸውን ፍርስራሽ እንዲጠርጉ ጠይቆ በቀን 500 ፔሶ ይከፍላቸው ነበር። ይህ በአካባቢው ከሚከፈለው ዝቅተኛ የቀን ደመወዝ እጥፍ ገደማ ነው። የጓደኛዋ እናት በስድሳ ዓመታቸው አካፋ ይዘው ወጡ። በሠሩበት ገንዘብ የገዙት መጀመሪያ ምን እንደሆነ ጠየቅን። ድስት ነው።

ሌላም ስሌት አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለዚያ አደጋ በመጀመሪያ የጠየቀው 301 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2013 ዓመት በውጭ የሚሠሩ ፊሊፒናውያን ወደ አገራቸው የላኩት ከ22 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሞግዚቷ፣ ነርሷ፣ መርከበኛው፣ ልብስ ተኳሿ የላኩት ነው እንግዲህ። መርከቢቱ በየጋዜጣው በፎቶግራፍ ወጥታለች። በአርብ ገበያ ሐዋላ ቤት በር ላይ የተሰለፉትን ሠራተኞች ያነሣ ግን አላየሁም። እህቴ ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ሦስት ዓመት ቆማለች፤ እኔም በዚያ ሰልፍ ተምሬአለሁ።

300ው ሪያል ስድስት ቆርቆሮና ምስማር ገዛ።

በሌይቴ የነበረው የኮኮናት ተክል ሲወድቅ ከተረፉት ቤተሰቦች የብዙዎቹ ኑሮም አብሮ ወድቆ ነበር፤ በመላው አካባቢ የተጎዳው 33 ሚሊዮን ዛፍ ነው ይባላል፤ አዲስ የተተከለ ደግሞ ፍሬ እስኪሰጥ ከስድስት ዓመት በላይ ያስጠብቃል። የጓደኛዋ እናት ከቤታቸው ጓሮ አራት ተክለው ነበር። ባለፈው ሰሞን ፎቶግራፍ በስልክ መጣ። ዛፎቹ ፍሬ ይዘዋል። ከሥራቸው አሥር ዓመት ያለፋት ልጃገረድ ቆማለች፤ በግራዋ እናቷ፣ በቀኟ የጡት እናቷ አሉ።

እህቴ ስልኩን ለእናታችን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱና፣ «ቆርቆሮው የቱ ጋ ነው?» አሉ።

«ከኋላ ነው እማዬ፤ ያው፣ ዝጓል» አለች እህቴ።