ፊቱን አንንካው

አባቴ ማርሽ የሚቀይሩት በጆሯቸው ነበር። ሞተሩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እጃቸው ሳይታዘዝ ወደ ማርሹ ይሄዳል። አሮጌዋ አልፋ ሮሜዮአችን የሞተሩን ዙር የሚያሳይ ቆጣሪ አላት፤ ገመዱ ከተበጠሰ ግን ዓመታት አልፈዋል። «ለምን አናሠራውም?» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው። «ጆሮዬ ይበቃኛል።»

አምና ክረምት፣ ከማስተምርበት ከማታር አዲስ አበባ ስመጣ፣ ገና ከቅያሱ ጫፍ መኪናዋ ስትጮኽ ሰማሁ። አባቴ ዳገቱን በሙሉ በሁለተኛ ማርሽ ወጡት። ጎረቤቱ ሁሉ ዞሮ ሲያይ እሳቸው ምንም አልተሰማቸውም። በስልክ ስናወራ «ኔትወርኩ ነው» እያሉ ደጋግመው የሚያስደግሙኝ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። የመስሚያ መሣሪያ እንግዛ ስላቸው ተቆጡ፤ ሁለት ቀን አኮረፉኝ።

ጆሯቸው ካልረዳቸው ዓይናቸው ይርዳቸው ብዬ ወደ ቆጣሪው ዞርኩ። የድሮው ቆጣሪ የሚሠራው በገመድ ነው። ገመዱ ከሞተሩ ጋር እየዞረ ውስጥ ያለውን ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቱ ሳይነካት አንዲት የአሉሚኒየም ጽዋ ይጎትታል፤ ቀጭን ስፕሪንግ ደግሞ መልሶ ይይዛታል። መርፌዋ የምትቆመው ሁለቱ ጉልበት ሲመጣጠን ነው። ልኩን ገመድ ፈልጌ አጣሁ። አንድ መካኒክ ግን ሆድ ዕቃውን አውጥቶ በኤሌክትሮኒክ መተካት እንደሚቻል ነገረኝ። ያኛው ከኮይሉ በሚመጣ ሽቦ የካንዴላውን እሳት ይቆጥራል። የእኛ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚተኩስ፣ በደቂቃ 3000 ዙር ማለት በሰከንድ 100 እሳት ነው።

ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ገዝቼ ሁለቱንም ወደ ማታር ወሰድኩ። ክረምት ላይ ውኃ መንገዱን ሲዘጋ ዕቃ እንደልብ ስለማይገባ፣ እዚያ የተበላሸ ነገር በቀላሉ አይጣልም። ስልክና የፀሐይ መብራት የሚጠግን አንድ ወጣት ወዳጅ አለኝ። አገላብጦ አየውና፣ «መምህር፣ አባትህ የሚያውቁት ፊቱን ነው፤ ፊቱን አንንካው» አለኝ። የድሮውን የቁጥር ሰሌዳና መርፌ በአዲሱ ሆድ ዕቃ ላይ ገጠመው።

ለፋሲካ ስመለስ አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው ሞከርነው። የቤታችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በትንሽ ትራንስፎርመር ዝቅ አድርገን ለቆጣሪው ስንሰጠው 1500 ማሳየት አለበት። መርፌዋ 1400 ላይ ቆመች። ማስተካከያውን ጥቂት ሳዞረው 1500 ገባች። አባቴ ሳቁ።

በማግስቱ ያንኑ ዳገት አብረን ወጣን። «መርፌዋ 3000 ስትደርስ ይቀይሩ» አልኳቸው። ጨረፍ አድርገው አዩ፤ እጃቸው ወደ ማርሹ ሄደ። መኪናዋ አልጮኸችም።

ደጃፋችን ስንደርስ ሞተሩን አጥፍተው የቆጣሪውን መስታወት በመሐረባቸው ወለወሉት።

«ያው እሷው ናት» አሉ። «ምንም አልተለወጠችም።»

ከዚያ ዝም አሉ። ልወርድ በሩን ስከፍት ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ያልከኝ የመስሚያ መሣሪያ… ከውጭ ይታያል እንዴ?»