አባት ሲሞት ክላሹ የማን ነው?

ጂንካ ከተማ ውስጥ ስለ ውርስ ሲወራ ቤቱም፣ ቦታውም፣ ከብቱም በግልጽ ይነሳል። ጨዋታው ጠመንጃው ላይ ሲደርስ ግን ሰዉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ወደ ሐመር፣ ወደ በና፣ ወደ ኛንጋቶም ወይም ወደ ሙርሲ ሲወረድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ክላሹ በጠራራ ፀሐይ ትከሻ ላይ ነው፤ ማን ከማን እንደወረሰው መንደሩ በሙሉ ያውቃል። የማያውቀው መንግሥት ብቻ ነው።

ደጋግሜ የምሰማው ክርክር ይህ ነው፦ «አባቴ በከብቱ የገዛው ነው፣ እኔ ልጁ ነኝ፣ ከብቱን ስወርስ ጠመንጃውን የማልወርስበት ምክንያት ምንድን ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን መልሱ ሁለት ቦታ የሚከፈል መሆኑን ነው። ዕቃው በውርስ ሊመጣ ይችላል፤ ፈቃዱ አይመጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 826 ወደ ወራሾች የሚያልፉት በሟቹ ሞት የማይቋረጡት መብቶችና ግዴታዎች ናቸው ይላል። የመሣሪያ ፈቃድ ደግሞ ሰውየው ራሱ ተመርምሮ የሚሰጠው ነው፤ ሲሞት አብሮ ያበቃል። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ማንም ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። ስለዚህ የአባቱን ፈቃድ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ «ወረቀት አለን» የሚል ልጅ በእጁ ያለው የሟች ወረቀት ነው።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገርም የሟች ፈቃድ ለልጁ አያገለግልም። ጠመንጃ በበዛባት አሜሪካ እንኳ በፈረንጆቹ 1968 የወጣው ሕግ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው መሣሪያ ማስተላለፍን ሲገድብ በኑዛዜና በውርስ የሚመጣውን ለብቻው ለይቶ አስቦበታል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ክፍፍሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 842 ልጆች ቀዳሚ ወራሾች ናቸው፣ ድርሻቸውም እኩል ነው ይላል። ሴት ወንድ ብሎ ነገር የለም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። በሐመር ግን የአባት መንጋ አዛዥነት ወደ በኩር ልጅ ነው የሚያልፈው፤ ሴት ልጅ አግብታ ትሄዳለች፣ ስለ ጠመንጃ የሚጠይቃትም የለም። አራት ልጆችና አንድ ክላሽ ሲኖሩ እኩል ድርሻ ማለት ምን ማለት ነው? ሌላ ዕቃ ቢሆን ተሽጦ ገንዘቡ ይካፈል ነበር። ይህ ዕቃ ግን እንደ በሬ ገበያ አይወጣም፤ ግለሰብ መሣሪያ እንዳይነግድ ተከልክሏል። እንግዲህ የሚቀረው አንዱ ልጅ ይዞ ለሌሎቹ በከብት ወይም በፍየል ማካካስ ነው። ይህንን ደግሞ የአገር ሽማግሌ ከዳኛ በተሻለ ያውቅበታል። የግልና የቤተሰብ ክርክር ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ በባህል ሕግ ሊታይ እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ፈቅዷል። ሽማግሌ ግን መሣሪያው ለማን እንደሚሻል ይወስናል እንጂ ፈቃድ አይሰጥም። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዕርቁ ሲያልቅ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል።

አዲስ አበባ ሆኖ «ለፖሊስ አስረክቦ አይገላገልም ወይ?» ማለት ቀላል ነው። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ክላሽ ምን እንደሚመዝን የሚያውቅ እንዲህ አይልም። ድሮ የነበረው ውጅግራና ምንሽር ነበር። የሱዳን ጦርነት ያፈሰሰውን ክላሽ ቀድመው ካገኙት መካከል ኛንጋቶሞች ነበሩ፤ ያገኙትም በቶፖሳ ጎረቤቶቻቸው በኩል ነው። በ1979 የካቲት ላይ በዚሁ ክላሽ በሙርሲ ላይ በደረሰው ጥቃት በብዙ መቶ የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በሙርሲ ዘንድ ለረጅም ዓመታት ጥናት ያካሄደው ተመራማሪ ዴቪድ ተርተን ይህንን ጽፎታል። የማነሳው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ክላሽ ፈለገ፤ በ1983 ደርግ ሲወድቅ ደግሞ መሣሪያው እንደ ልብ ሆነ። ሙርሲ ዘንድ ክላሽ ለጥሎሽ ከሚሰጠው ከብት ጋር እየተቆጠረ ይገባል። ስለዚህ አባት ሲሞት የሚወረሰው ብረት ብቻ አይደለም፤ የከብት ዋጋ አለበት፣ የወንድም የጋብቻ ተስፋ አለበት፣ የጎረቤት ስጋት አለበት። ሰደፉ በእጅ ላብ ጠቁሮ፣ ማንገቻው በቆዳ ተቀይሮ፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ግማሹ ተፍቆ ታየዋለህ። ያ ቁጥር ነው ምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ሁሉን የሚወስነው፤ ቤት ውስጥ ግን ልብ የሚለው የለም።

ወረቀቱ ጋ ስንመጣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ይህን የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው። ቀጥሎ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይወጣል። ሌላ ሰው ውርሱን ይዞብኛል የሚል ወራሽም መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ በኋላ ክስ የሚያቀርበው በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። ጂንካ ላለ ሰው ሞቱን ማስመዝገቡና ማስረጃውን ማውጣቱ የጥቂት ቀን መመላለስ ነው። ከብት ጠባቂ ሰፈር ለሞተ ሰው ቤተሰብ ግን ቀበሌው ጋ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ራሱ ከለቅሶው ይረዝማል። እስከዚያ ክላሹ የት ነው? ጎጆው ውስጥ፣ ሚስቲቱ እጅ። ምንም ሳታደርግ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ያዥ ሆናለች።

እኔ ሕጉ ላይ ያለኝ ቅሬታ ፈቃድ አለመወረሱ አይደለም፤ መወረስ የለበትም። የአባት ጨዋነት ለልጅ ዋስትና አይሆንም፤ አባቱ ለሠላሳ ዓመት ሰው ሳያስቀይም የያዘውን መሣሪያ ልጁ በአንድ የስካር ማታ ሊያበላሸው ይችላል። ቅሬታዬ አሠራሩ ላይ ነው። በ2012 መጀመሪያ ሰላማጎ ወረዳ ላይ በሙርሲና በቦዲ ላይ መሣሪያ የማስፈታት ዘመቻ ተካሂዶ ነበር፤ የመብት ተሟጋቾች በወቅቱ ድብደባና እንግልት መፈጸሙን አስታውቀዋል። ያንን ያየ ሰው አባቱ ሲሞት ክላሹን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት በራሷ እግር መጥታ ስታስመዘግብ መሣሪያው ከተነጠቀ፣ ጎረቤቷ የራሱን ይቀብረዋል። የተቀበረ መሣሪያ ደግሞ የሚወጣው ግጭት ሲነሳ ነው። ማስመዝገብ ከመደበቅ የሚሻል ካልሆነ አዋጁ ጂንካ ላይ ይቀራል፤ ማጎ ፓርክን አያልፍም።

አባቶቻችሁ በሕይወት ያሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፦ መሣሪያው ተመዝግቧል? ፈቃዱ በማን ስም ነው? ብረቱ ላይ ያለው ቁጥርና ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ነው? አባት ያለፈባችሁ ደግሞ መሣሪያውን ይዛችሁ በመንገድ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት አንድ ሰው ወደ ፖሊስ ላኩና በቃልም ሆነ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ምን ሰነድ እንደሚፈለግ፣ የጊዜ ገደቡም ምን ያህል እንደሆነ እዚያው ጠይቁ። ካስረከባችሁም የተረከበው ሰው ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና የመሣሪያው ቁጥር የሰፈረበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከጣቢያው እንዳትወጡ።