«የአዝማሪ አባት አልባልም!»

እስቲ ልጠይቃችሁ ውድ አንባብያን። ለሠርግ አዝማሪ ጠርታችሁ አታውቁም? «ተቀበል!» እያላችሁ፣ ግንባሩ ላይ ብር እየለጠፋችሁ እስኪነጋ አላስዘፈናችሁትም? ታዲያ ያው አዝማሪ በማግስቱ ልጃችሁን ለጋብቻ ቢጠይቅስ? ወይም የገዛ ልጃችሁ ተነስታ «እኔም እንደሱ ልዝፈን» ብትልስ? ዝም አላችሁ አይደል! አይገርመኝም፤ እኔም ያደግሁት እዚያው ዝምታ ውስጥ ነው።

የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ነው። ስሟን አልጠራም፤ እሷም አደራ ብላኛለች። ቤተሰቦቿ ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው በጋፋት አርሰው የሚያድሩ ናቸው። ጋፋት ማለት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩባት መንደር ናት። (ጉዳዬ ባይሆንም ልበለው፦ እኛ ጋ ብረት ቀጥቃጩንም አዝማሪውንም በአንድ አፍ እንሰድባለን፤ በመድፉ ግን እንኮራለን።)

ድምጿን የወረሰችው ከአያቷ ነው፤ የአባቷ እናት ናቸው። ወፍጮ ላይ ተቀምጠው ሲፈጩ ያንጎራጉሩ ነበር። የሞተ ወንድም፣ ሄዶ የቀረ ባል፣ የከዳ ወዳጅ… ሁሉም ከዱቄቱ ጋር ይወጣል። እሷ ታዲያ ከአያቷ አፍ እየቀለበች በደብተሯ ትጽፈው ነበር፤ የሒሳብ ደብተሯ ከኋላ በኩል ግጥም ብቻ እንደነበር ምስክር ነኝ። ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያው ያለሷ አይሆንለትም። ጥር 25 ለመርቆሬዎስ ፈረሰኛው ሲጋልብም ከሴቶቹ መሃል የሷ ድምፅ ተለይቶ ይሰማል። እስከዚህ ድረስ አባቷ ቅር አይላቸውም፤ «ለታቦት ነው፣ ለትምህርት ቤት ነው» ይላሉ። ነገር የመጣው «ባሕር ዳር የባህል ምሽት ቤት ሥራ አገኘሁ» ያለች ዕለት ነው።

«የአዝማሪ አባት አልባልም!» አሉ። አበቃ። ዘመድ ቢለምናቸው፣ የንስሐ አባታቸው ቢመክሯቸው ያው ናቸው። በእናቷ መቀነት በተቋጠረች ብር ተሳፍራ ሄደች።

ብዙዎቻችሁ ድምፅ ያለው ሰው ቀጥታ ማይክ የሚጨብጥ ይመስላችኋል። የለም! ባሕር ዳር ስትደርስ መጀመሪያ የጠየቋት «እስክስታ ትችያለሽ?» ብለው ነው። ስምንት ወር ተወዛዋዥ ሆና ሠራች። ቀሚሱ፣ ድሪው፣ ሹሩባው ሁሉ ከኪሷ። የባህል ቤት ዘፋኝ የጎንደሩን ብቻ ይዞ አያድርም፤ የጎጃሙን፣ የወሎውን፣ የትግርኛውን፣ የኦሮምኛውን ከነጭፈራው ማወቅ አለበት፤ እንግዳው ያዘዘውን ነዋ! ማሲንቆ መቺው ቅኝቱን ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ሲለውጠው ድምፅሽ አብሮ ካልዞረ ጉድሽ ፈላ። አራቱን ቅኝቶች በስማቸው ያወቀቻቸው እዚያ ነው። ለካ አያቷ ስማቸውን ሳያውቁ ያዜሟቸው ኖሯል!

የማታ ክፍያው ትንሽ ነው። የሚያኖረው ሽልማቱ ነው፤ እሱም ከማሲንቆ መቺውና ከከበሮ መቺው ጋር ይከፋፈላል። ሽልማት ደግሞ መዘዝ አለው። ብር የለጠፈ ሁሉ ሰው የገዛ ይመስለዋል። እህቶቼ፣ ይህን ከቤታችሁ ሳትወጡ ዕወቁት። እሷ ዘዴ አበጀች፤ ሌሊት ከሥራ ስትወጣ ከማሲንቆ መቺውና ከሚስቱ ጋር በአንድ ባጃጅ ካልሆነ ንቅንቅ አትልም። «ኩራተኛ» አሏት። ይበሏት!

ጉድ በል ጎንደር የሚያሰኘው ግን ወዲህ ነው። ጥር 2014 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሟ ሲያገባ አባቷ በሰው አስጠሯት። «ትምጣ፤ ግን አፏን እንዳትከፍት» ብለው። መጣች። እኔም ነበርኩ። ዳሱ ውስጥ ማን ቆሟል መሰላችሁ? ባልና ሚስት አዝማሪዎች! አባት ሁለት መቶ ብር አውጥተው ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ልጃቸው ጓዳ ወጥ ታወጣለች። አዝማሪው ደግሞ ባሕር ዳር ያውቃታል። ዓይኑ ገባችና ማሲንቆውን ገዝገዝ አድርጎ፣ ጓዳው ማር ሞልቶለት ከጎረቤት ስኳር ስለሚበደር ሰው ግጥም አወረደ። ዳሱ በሳቅ አውካካ። አባት አንገታቸውን ደፉ። እሷን አየኋት፤ ከንፈሯ ከአዝማሪው ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም።

በዚያው ዓመት ማግስት፣ መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ማዲንጎ አፈወርቅ አረፈ። አዘዞ ተወልዶ ደብረ ታቦር ያደገ፣ በልጅነቱ ወታደሮች መሃል መዝፈን የጀመረ ልጅ ነው። የኛ ከተማ ሰው «ልጃችን! ልጃችን!» እያለ ሲያለቅስ ሰማሁ። አብሬ አለቀስኩ፤ ግን ተናደድኩም። ዘፋኝ የኛ እንዲሆን የግድ መሞት አለበት እንዴ?

በ2015 ክረምት በክልላችን ግጭቱ ተነስቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የማታ ሥራ ቀዘቀዘና አዲስ አበባ ገባች። ካዛንቺስ ትሠራበት የነበረው ቤትም በ2017 ዓ.ም. ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ። አሁን ሌላ ቤት ትዘፍናለች፤ በሳምንት አራት ማታ፣ ስሟ በር ላይ ተለጥፎ።

ዘንድሮ ታዲያ አንድ አሳታሚ ነጠላ ዜማ ላሠራሽ አላትና የውል ወረቀት ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። ዘፈኑ የአያቷ የወፍጮ እንጉርጉሮ ነው። ወረቀቱ ግን «ግጥምና ዜማ» የሚለው ላይ የአሳታሚውን ስም ጽፏል! ከዚያ ወዲያ የሚገኘውም ገቢ ሁሉ የሱ ነው።

የሕግ ሰው አይደለሁም፤ የሕግ ሰው ግን ጠየቅሁ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ግጥም የደረሰ ሰው በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱ ይጠበቃል፤ ወራሽ ይወርሰዋል። ዘፋኙም ለድምፁ የራሱ መብት አለው። ነገር ግን ሕጉ ሥራው በጽሑፍ ወይም በቅጂ ግዙፍ ሆኖ እንዲገኝ ይፈልጋል፤ በአፍ ብቻ የቀረ ግጥም ክርክር ያመጣል። ስለዚህ የአያቶቻችሁን ግጥም ጻፉት፣ በስልካችሁ ቅዱት፣ ቀኑን መዝግቡበት። ያቺ የሒሳብ ደብተር ዛሬ ወርቅ ሆነች!

የአሜሪካኖቹን የአገር ቤት ዘፈን፣ «ካንትሪ» የሚሉትን፣ የምትዘፍነው ዶሊ ፓርተንም የገጠር ልጅ ናት። በቴነሲ ተራሮች ከ12 ልጆች አንዷ ሆና አድጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ትምህርቷን በጨረሰች ማግስት ናሽቪል ገባች። በኋላ ኤልቪስ ፕሪስሊ አንዱን ዘፈኗን ሊዘፍነው ሲል ሥራ አስኪያጁ የመብቱን ግማሽ ጠየቃት። እያለቀሰች እምቢ አለች። እ.ኤ.አ. በ1992 ያንኑ ዘፈን ዊትኒ ሂዩስተን ለፊልም ዘፈነችው፤ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ገንዘቡ ለማን እንደገባ ልንገራችሁ?

ጓደኛዬ አልፈረመችም። «ግጥም» በሚለው ላይ የአያቷ ስም እንዲገባ ጠየቀች። ነገር ግን የሟች ወራሽ ማን ነው? እኒያው አባት! ከሠርጉ ወዲህ በስልክ እንኳ ተነጋግረው አያውቁም። እኔ ቤት ሆና ደወለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል።

«አባየ፣ የእምየን እንጉርጉሮ ላሳትመው ነው። ስማቸው ይጻፍ ወይ ብዬ ነው።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎን ነበር፤ ያን ያህል ቆዩ።

«የእናቴ ስም?»

«አዎ አባየ።»

«እንግዲያው አሟልተሽ ጻፊው» አሉ፤ «ከነአባቷ።»

አሳታሚው እስካሁን መልስ አልሰጠም።