ሃይድሮጅን ከቡና ገለፈት

«ላብራቶሪ ውስጥ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ለምትሉኝ ሁሉ፣ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የማሳድገው ባክቴሪያ ነው፤ 70 ዲግሪ ላይ። እኛን የሚያቃጥለን ሙቀት ለሱ ምቾቱ ነው። ስሙ ካልዲሴሉሎሲረፕተር ይባላል (አዎ፣ በአንድ ትንፋሽ አይወጣም)። የኔው ዝርያ መጀመሪያ የተገኘው ኒውዚላንድ ውስጥ ከፍልውሃ ነው፤ እኛ ወገባችንን ሲያመን ሶደሬ እንደምንሄደው ያለ። አየር በሌለበት የተክሉን ሴሉሎስ ራሱ ይቆራርጣል፣ ስኳሩን ይበላል፣ ከዚያ ሃይድሮጅን ይተነፍሳል። ሃይድሮጅን ደግሞ ሲቃጠል ጭስ የለውም፤ የሚወጣው የውሃ እንፋሎት ነው።

ሙቀቱ ምን ይጠቅማል? በተራ ሙቀት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል 2 ገደማ ሃይድሮጅን ቢሰጡ ነው። እነዚህ ወደ 4 ይጠጋሉ። ግን ጋዙ እዚያው ከታመቀባቸው ይለግማሉ፤ ቶሎ ቶሎ ማውጣት ግድ ነው።

እውነቱን ለመናገር 4ም ትንሽ ነው። ስኳሩ ከውሃ ጋር ሆኖ ሙሉ በሙሉ ቢሟጠጥ 12 ይወጣው ነበር። የቀረው በአብዛኛው አሴቲክ አሲድ፣ ያው የኮምጣጤው አሲድ፣ ሆኖ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል።

አንዳንድ ሰው «የጤፍ ጭድ ሞልቶ የለ እንዴ!» ይለኛል። የፈረንጅ ጽሑፍ ላይ ጭድ «ተረፈ ምርት» ነው። እኛ ጋ ግን የበሬ ቀለብ ነው፣ የቤት ጭቃ ማቡኪያ ነው። ባክቴሪያ ልቀልብ ብዬ በሬ ጾሙን አላሳድርም!

እኔ ዓይኔን የጣልኩት የቡና ገለፈት ላይ ነው። ያደግሁት ጅማ ዞን፣ ጎማ ነው። እሸት ቡና የሚታጠብበት ወቅት ሲመጣ ከሰፈራችን በላይ ካለው ማጠቢያ የሚለቀቀው ውሃ ወንዛችንን ያጠቁረዋል። ይሸታል። ከብቱ አፉን አስጠግቶ ይመለሳል። እናቴ በነዚያ ወራት ጀሪካኗን ይዛ ምንጭ ፍለጋ የምትሄደው መንገድ እጥፍ ይሆናል። ጥፋቱ የስኳሩ ነው፤ ገለፈቱ ውስጥ ያለው ስኳር ወንዙ ውስጥ ሲብላላ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ያ ስኳር ለኔ ባክቴሪያዎች ምግብ ነው። እርጥብነቱም አይከፋም፤ የሚሠሩት ውሃ ውስጥ ስለሆነ ማድረቅ አያስፈልግም።

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ስልክ ላይ «ታዲያ እማዬ በዚህ ጋዝ ወጥ የምትሠራው መቼ ነው?» አለኝ። አልዋሸሁትም። ለምድጃ ከሆነ ባዮጋዝ ይሻላል፤ ሃይድሮጅን ይሾልካል፣ ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ማጠራቀሙ ከባድ ነው። በርሜሉን 70 ዲግሪ ላይ ማቆየቱም ራሱ ኃይል ይበላል። እኔ የማስበው ማጠቢያው ራሱ ሃይድሮጅኑን ወስዶ፣ የተረፈውን አሲድ ወደ ባዮጋዝ ቀይሮ የመፈልፈያ ሞተሩን ቢያንቀሳቅስበት ነው። ያኔ ገለፈት ወንዝ ውስጥ መጣል ገንዘብ መጣል ይሆንበታል።

አሁን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ገለፈቱ ውስጥ ካፌይንና ታኒን አለ፤ ባክቴሪያዎቹ ይችሉታል ወይ? ከኛው ሰፈር በጀሪካን ያስመጣሁትን ትናንት ጨምሬላቸዋለሁ። ሐሙስ ጋዙን እለካለሁ።