የውዱእ ውኃና ቀዩ ሳልቪያ



በዚህ ዓምድ ስለ ዒልምና ስለ አኽላቅ ብዙ ታነባላችሁ። እኔ ዛሬ ስለ አበባ ላወጋችሁ ነው። ቀዩን ሳልቪያ ሳታዩት አትቀሩም፤ በየመናፈሻው ዳርና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ እንደ ፍም ቀልቶ የሚታየው ነው። አገሩ ብራዚል ሲሆን ከበሶብላ፣ ከናናና ከጦስኝ ጋር ዘመድ ነው። ግንዱን በጣታችሁ ብትዳስሱት አራት ማዕዘን ነው፤ አንዱ የዝምድናው ምልክት ይህ ነው። የሻም ሰዎች መረሚያ እያሉ ከሻይ ጋር የሚጠጡትም የእርሱ ወገን ነው፤ የእኛው ግን ለዓይን እንጂ ለመጠጥ አይደለም። (ይህን የምለው አንዲት እናት ለሳል ቅጠሉን ልቀንጥስ ብለውኝ ስለነበር ነው።)

በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ በማስተምርበት መድረሳ ከውዱእ ቦታው ሥር አሥራ ሁለት ችግኝ ተከልኩ። ቦታውን የመረጥኩት የውዱእ ውኃ በከንቱ እንዳይፈስ ብዬ ነበር፤ በዚህ ሐሳቤም ደስ ብሎኛል። አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አራርቄ ተከልኳቸው። ቁመታቸው ከፍ ሲል ጫፋቸውን ቀነጠስኩ፤ እንዲህ ሲደረግ ከጎን ቅርንጫፍ ያወጣሉና። ኅዳር ላይ ግቢው ደመቀ። ቀጭን ቆልማማ ምንቃር ያላት ትንሽ ወፍም ማሩን ለመምጠጥ ትመላለስ ጀመር። ሙስሊም ከተከለው ላይ ወፍ ብትበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የነገሩንን አስታውሼ ተመጻደቅሁ መሰለኝ።

በመጋቢት ረመዳን ገባ። ለተራዊሕ የሚመጣው ሰው በዛ፤ ቧንቧው ማታ ማታ አያርፍም። በሁለተኛው ሳምንት አበቦቹ ጠወለጉ። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ እንደ ተጠማ ተልፈሰፈሰ፤ እኔም ውኃ ጨመርኩላቸው። አንዱን ሳብ ባደርገው ያለ ሥር እጄ ላይ ቀረ።

አንድ የአሥር ዓመት ደረሳ በየቀኑ እዚያ ቁጢጥ ሲል አየው ነበር። ጠርቼ በጓደኞቹ ፊት አቆምኩት። «ኡስታዝ፣ ወላሂ እኔ አልነቀልኩም» አለ። አላመንኩትም። ጾመኛ ሆኜ፣ ምስክር ሳልጠይቅ፣ የየቲም ልጅ ላይ ጮህኩበት፤ ከአበባው አጠገብ እንዳይደርስም ከለከልኩት።

ከሦስት ቀን በኋላ በሰፈሩ አትክልት የሚሠሩ አንድ አባት ለዐስር መጡ። የጠወለገውን ቆፍረው ሥሩን አሳዩኝ፤ ጠቁሮ ይሸታል። «በውኃ ገደላችኋቸው እኮ!» አሉ። ሥርም አየር ይፈልጋል፤ ውኃ የተኛበት አፈር አየር ስለሌለው ሥሩ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ መሳብ አይችልም። ለዚህ ነው በጭቃ መሐል የሚጠወልገው።

በማግስቱ ሰው ሳያየኝ ከቧንቧው ሥር ሳፋ አኑሬ እንደ ልማዴ ውዱእ አደረግሁ። ከዚያ ውኃውን በሊትር ጣሳ ሰፈርኩት፤ ሰባት ሞላ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሙድ ማለት የሁለት መዳፍ ሙሉ ነው፤ አንድ ሊትር አይሞላም። ይህንን ለዓመታት ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ልጁን በዚያው ክፍል፣ በዚያው ጓደኞቹ ፊት «አፉ በለኝ፤ በድዬሃለሁ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ «አፉ ብያለሁ» አለ። ከልቡ ይሁን ኡስታዙን ፈርቶ፣ አላህ ያውቃል። ከዚያ ከኪሱ የክብሪት ቀፎ አውጥቶ ሰጠኝ። ለካ ቁጢጥ የሚለው ከደረቀው አበባ ፍሬ ሊለቅም ነበር!

ፍሬውን አብረን ዘራነው። የሳልቪያ ዘር ለመብቀል ብርሃን ስለሚወድ አፈር አይጫንበትም፤ በላዩ ጫን ጫን አድርጎ መተው ነው። በሁለት ሳምንት ግድም በቀለ። አሁን መደቡን ከፍ አድርገን፣ አሸዋና ብስባሽ ቀላቅለን፣ ከቧንቧው ራቅ አድርገን ተክለነዋል፤ የላይኛው አፈር ደረቅ ሲል ብቻ እናጠጣዋለን። ውኃ የሚያጠጣው እርሱ ነው። እኔ ውዱእ ሳደርግ ቀና ብሎ ቧንቧውን ያየዋል፤ እኔም ቀነስ አደርገዋለሁ።