አራት ከሠላሳ

ቋሚ ደመወዝ የሌለው ጸሐፊ ሥዕል ሲገዛ ጎረቤት ቢስቅ አይፈረድበትም። እኔም በ2009 ዓ.ም. አንድ ሥዕል በ600 ብር የገዛሁ ዕለት የቤት ኪራይ አልከፈልሁም ነበር። የሠራው ወዳጄ የዳባት ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሯል። ጣውላ በመሮ ቀርጾ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ፣ ወረቀት አልብሶ፣ በማንኪያ ጀርባ እያሸ ያተመው ነው፦ ቡይት ራስ፣ ገደል አፋፍ ላይ የሚግጡ ጭላዳዎች። ከግርጌው በእርሳስ 4/30 ይላል፤ ከጎኑ ፊርማው አለ።

«ሌላ ሃያ ዘጠኝ ሰው ያለውን ነገር ምን ብዬ ልግዛ? በል ቀንስልኝ» ብዬው ነበር።

«ሠላሳውም ዋና ናቸው» አለኝ፤ «ቅጂ የሚባለው የአንዱ ሥዕል ፎቶ ቢነሣ ነው። በሸራ ብሠራው አንተ አትደርስበትም። ጣውላውን ደግሞ ዛሬ እሰርዘዋለሁ፤ ቁጭ ብለህ እይ።»

ቁጭ ብዬ አየሁ። መሮውን ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት ጊዜ ጎተተው። ሠላሳ አንደኛ እንደማይኖር ያመንሁት ያኔ ነው። ለራሱ ያስቀራቸው ሁለት የሙከራ ኅትመቶች ላይ እንኳ «የሠዓሊው» ብሎ ለይቶ ጽፎባቸዋል፤ ገዢ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር ነው።

ይህ ጥበብ ለእኛ ሀገር እንግዳ አይደለም። ጀርመናዊው ሀንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተምሯል፤ ዘሪሁን የትምጌታም በወጣትነቱ በዚሁ ዘዴ ሠርቷል። የስሜን እንስሳትማ ወረቀት ላይ ከታተሙ ቆይተዋል። ለጭላዳና ለዋልያ ሳይንሳዊ ስም ያወጣው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. ከ1835 ጀምሮ ባሳተመው ሥራ ውስጥ ሥዕላቸው በድንጋይ ኅትመት ወጥቷል። ቁጥር ግን የለባቸውም፤ በእርሳስ ቁጥርና ፊርማ ማኖር የተለመደው ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ወዲህ ነውና።

ሥዕሌን በገዛሁ በወሩ የግራ ጠርዙ ላይ ቡና ጠብ አደረግሁበት። ዛሬም አለ። ባሕር ማዶ ያለ ወንድሜ «እስኪ አሳየኝ» ቢለኝ አንድ ፎቶ ቤት ወስጄ በደንብ አስነሣሁለት። ነገሩን እዚያው ረሳሁት።

በጥር 2011 ዓ.ም. የሥዕሉን ቦታ በዓይኔ ላየው ተነሣሁ። ቡይት ራስ ከደባርቅ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጧት ደርሰን ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም፤ ጭላዳዎቹ ግን ደረታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ። ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ሳለ አንዳች ነገር አልጥም አለኝ። ጠመንጃውን ተደግፎ የቆመውን ስካውት ጠርቼ የሥዕሉን ፎቶ ከስልኬ አሳየሁት። አፍታም አልቆየ።

«ልጄ፣ ይኸ ሰው አገሩን ገልብጦታል። ገደሉ በግራ ነው፤ እሱ በቀኝ አርጎታል።»

እውነቱን ነው። ጣውላ ላይ በግራ የቀረጹት ወረቀት ላይ በቀኝ ይወጣል። ሁለት ዓመት ግድግዳዬ ላይ ሳየው የኖርሁትን ስካውቱ ባንድ አፍታ አገኘው።

ማታ ደባርቅ ተመልሼ ለቱሪስት ዕቃ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ገባሁ። ሥዕሌ ተሰቅሏል። ከሥሩም ተደርድሯል። ዐሥራ ሁለት ቆጠርሁ፤ ዐሥራ ሁለቱም 4/30፤ ዐሥራ ሁለቱም ላይ የእኔ የቡና ጠብታ!

«ጋሼ፣ እሱ ውስን ነው» አለችኝ ልጅቱ፤ «የታተመው ሠላሳ ብቻ ነው። ቁጥሩን አላዩትም? ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ነው።»

አንዱን አንሥቼ ገለበጥሁት። የእኔው ጀርባ ላይ የማንኪያው ዳና አለ፤ ይህ ለሙልጭ ያለ ነው። እርሳሱን በጥፍሬ ዳበስሁት፤ እውነተኛ እርሳስ ወረቀቱን ትንሽ ይጎደጉዳል፣ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉትም ያብለጨልጫል። እዚህ ቁጥሩም ፊርማውም ከሥዕሉ ጋር አብሮ የታተመ ነው። አጉሊ መነፅር ቢኖረኝ ጥቃቅን ነጠብጣቦቹን ባየሁ ነበር፤ የቡናው ጠብታ ግን ከአጉሊ መነፅር በላይ መሰከረ። ከልጅቱ ጋር ምን ያጣላኛል? ከጎንደር ተጭኖ ይመጣላታል፤ የምትሸጠውም አምና ነው።

ለወዳጄ ሳልደውል ማደር አልቻልሁም።

«ፎቶውን ማን አነሣው?» አለኝ።

ነገርሁት። ረዥም ዝምታ ሆነ። ስካውቱ ያለውን ነግሬ ላስቀው አስቤ ነበር፤ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

«ስንት ይሸጡታል?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ።»

«እኔ ዘንድ ዐሥራ አንዱ አሉ» አለ፤ «አልጋ ሥር።»

አዲስ አበባ እንደ ገባሁ ቤቱ ሄጄ 19/30ን ገዛሁ። ዋጋው 900 ብር ሆኗል። ቀንስልኝ አላልሁም።